በሰው እጅ ያለ ብረት

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ወጌሻው ዛሬም መጣ። ቀርከሃውን ፈታ፣ ቅቤ ቀባ፣ አሸ፣ መልሶ አሰረ። ጮኽኩ። እናቴ ጎረቤት ይሰማል፣ አታሳፍሪኝ አለች። ከዚያ ራሷ አለቀሰች።

በግራ እጄ ነው የምጽፍብሽ፣ ደብተሬ። ፊደሌን አይተሽ አትሳቂ። ከአንደኛ ክፍል ልጅ የባሰ ነው። ስለዚህ አጭር አጭር። ረጅም ዓረፍተ ነገር የቀኝ እጅ ሥራ ነው።

ኅዳር 5 የሆነውን እስካሁን አልነገርኩሽም። መ/ቤታችን በሙሉ ለቡና ለቀማ ዘመቻ ወጣ። አለቃው፣ ሒሳብ ሹሙ፣ ተላላኪዋ፣ እኔ ታይፒስቷ ዘይነባም ቅርጫቴን ይዤ። ከጭነት መኪናው ዘልዬ ስወርድ ጭቃው አዳለጠኝ። በቀኝ መዳፌ አረፍኩ። ቀጭ ሲል ሰማሁት። አንዲት ፍሬ ሳልለቅም ዘመቻዬ አለቀ።

አንጓዬ ጎብጧል። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ደንዝዘዋል። ወጌሻው ይለቅሻል ይላል። አልለቀቀኝም።

አለቃዬ ትናንት መጥተው ጠየቁኝ። በወንበሬ ሌላ ልጅ አስቀምጠዋል። ለጊዜው ነው፣ አታስቢ አሉኝ። በዚህ አገር ለጊዜው ተብሎ የመጣ ነገር ሲሄድ አላየሁም።

ይህችን መስመር ማጥፋት አለብኝ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ሆስፒታል ሄድኩ። ለእናቴ ሳልነግር። ጣቶቼ ጠቁረው ሲነጋ ፈራሁ።

ራጅ ተነሣሁ። ዶክተሩ የውጭ አገር ሰው ነው፣ ጢማም፣ አማርኛው በጣት የሚቆጠር። የሰፈራችን ልጅ ሲስተር አልማዝ ታስተረጉማለች። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አሳየኝ። አጥንቴ ከአንጓዬ ከፍ ብሎ ተሰብሮ ወደ ኋላ ተንሸራቷል። ጄሶ ብቻውን አይይዘውም ይላል። ጎትቶ ቢያቃናውም ተመልሶ ይንሸራተታል። መከፈት አለበት። ብረት ተደግፎለት በብሎን መታሰር አለበት።

ብረት። እጄ ውስጥ። እንደ በር ማጠፊያ።

ሌላ ፊልም አመጣ። የሌላ ሰው እጅ። አጥንቱ ላይ ነጭ ነገር ተለጥፏል። ከሌባ ጣት ያጥራል፣ ራሱ እንደ መዶሻ ሰፋ ያለ፣ ብሎኖቹ አንድ በአንድ የሚታዩ። ዶክተሩ የራሱን ሥራ እያየ ደስ አለው። እኔን የሬሳ እጅ ነው የመሰለኝ።

መቼ ልግባ አልኩ። ለካ ብረት የለም። ከአገሩ ይዞ የመጣው አልቋል። አ.አ ተጠይቋል፣ መልስ የለም። ታዲያ ሰው ምን ይሆናል አልኩ። ሲስተር አልማዝ የወጥ አሠራር እንደምትነግረኝ ሆና ነገረችኝ፦ አጥንቱ ከዳነ ሰው ላይ አውጥተው፣ ቀቅለው፣ ለሚቀጥለው ሰው ያስገቡታል። ይሄኛው፣ ፊልሙን በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው፣ አሁን ያለው ሦስተኛ ሰው ላይ ነው። ከገባ ዓመት አልፎታል። ባለቤቱ መጥቶ ማስወጣት ነበረበት። ሁለት ደብዳቤ ተላከለት። አልመጣም።

እኔ ያለኝ ከተሰበርኩበት ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲያ አጥንቱ እንደተጣመመ ይገጥማል። ኅዳር 26 ማለት ነው።

ካልተገኘስ አልኩ። ዶክተሩ ያለ አስተርጓሚ መለሰልኝ። «ብርጭቆ ትይዣለሽ። ታይፕ፣ እኔ አላውቅም።»

ደብተሬ፣ እኔ ሌላ ሥራ አላውቅም።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

እናቴ ሰማች። ሰፈራችን ሰቶ ውስጥ ወሬ አያድርም። ኦፕራሲዮኑ አላስቆጣትም። ያስቆጣት ብረቱ ከሰው ሥጋ ውስጥ የሚወጣ መሆኑ ነው። «ያ ረቢ! የማን ሥጋ? የሰካራም ይሁን የሌባ በምን ይታወቃል?» ሳቄ መጣ። ትንሽ ቆይቼ እኔም ማሰብ ጀመርኩ። የሌባ ቢሆን እጄ ይለምድ ይሆን?

ሻሿን ጣል አድርጋ ሸኹ ዘንድ ሄደች። ልቧ ረግቶ ተመለሰች። በደንብ ከታጠበና ከተቀቀለ ነውር የለውም ብለዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ባለቤቱ በፈቃዱ ይስጥ። ያለፈቃዱ ከተወሰደ የሰው ሐቅ ነው ብለዋል። እናቴ ይህችን በሩ ላይ ጫማዋን እያወለቀች ነው ጣል ያደረገችልኝ። ብረት በእጁ ይዞ መኖር የሚፈልግ ማን አለ ብዬ አላሰብኩበትም።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል። ሲስተር አልማዝ ሦስተኛውን ደብዳቤ አጻፈችልኝ፣ ራሴ እንዳደርሰው። የሆስፒታሉ ታይፒስት ነገ እሷም ለለቀማ ትወጣለች፣ በጥድፊያ መታችው። ሰውየው ጀማል ይባላል። ቡና ገበሬ ነው፣ ከሰኮሩ ከተማ ሽቅብ። ደብዳቤውን አነበብኩት፣ የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ስሕተት ስፈልግ። «የግለሰቡ አጥንት ሙሉ በሙሉ ስለዳነ ብረቱ እንዲወጣ» ይላል። መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ጎድሏል። ያየሁት ይህንን ብቻ ነው።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ቀበሌ ዋልኩ። ለይለፍ ወረቀት። ጓድ ሊቀ መንበር አልገቡም፣ ገብተዋል፣ ስብሰባ ላይ ናቸው። በመጨረሻ ገባሁ። ሰኮሩ ማን አለሽ ተባልኩ። ማንም። ማንም ከሌለሽ ምን ትሠሪያለሽ ተባልኩ። የሆስፒታሉን ማኅተም አሳየሁ። ማኅተም ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል። ፈረሙ። እጄንም አዩልኝና እንደ አጥንት አዋቂ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስወጣ ዋናውን መንገድ ትቼ በጓሮ በጓሮ ተመለስኩ። ምንም አላጠፋሁም እኮ። ምንም ያላጠፋ ሰው ነው ዛሬ የሚሸሸገው።

ኅዳር 16፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ሰርቦ። አውቶቡሱ ኬላ ላይ ቆሟል። ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍብሽ።

ወታደር ገባ። ወረቀት፣ ወረቀት። የእኔን አገላብጦ አየ፣ መለሰልኝ። ከኋላ ሁለት ወጣቶች ውረዱ ተባሉ። ተማሪ ነን አሉ። ወረዱ። ሁላችንም የየራሳችንን ጫማ ነው የምናየው። አንዱ ፌስታሉን ወንበሩ ላይ ረስቶታል። ዳቦ ነው። ጮክ ብሎ ልጁ ዳቦውን ረሳ የሚል ሰው ጠፋ። እኔም አላልኩም።

መኪናው ተነሣ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ፣ ቤት

ትናንት ያደረግኩትን ልንገርሽ። ለሌላ ለማንም አልነግርም።

ሰኮሩ እንደወረድኩ ቀጥ ብዬ ገበሬ ማኅበሩ ጽ/ቤት ገባሁ። እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ወደዚያ ነው። ሳይመዘገቡ ሰው ቤት መግባት ያስጠይቃል። ባለማኅተም ደብዳቤ ይዤ፣ ሕጋዊ ሆኜ፣ ደረቴን ነፍቼ። ሊ/መንበሩ ጨዋታ የሚወድ ወፍራም ሰውዬ ነው። በኦሮምኛ አወራን። የጅማ ልጅ ናት ብሎ ሻይ አስመጣልኝ። ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበ። «ሙሉ በሙሉ ስለዳነ» ላይ ሲደርስ ቆመ። ደግሞ አነበባት። መዝገብ አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ። ቤቱን የምታሳይ ሴት ሰጠኝ። ደግ ሰው ነው እያልኩ ወጣሁ።

ዳገቱ አንድ ሰዓት ፈጀ። ጀማል ደጁ ላይ ቡና ያሰጣል። እኔ ግትር ሽማግሌ ነበር የጠበቅኩት። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ያሳየችኝ ሴት እንደተመለሰች የታሰረ እጄን አየ፣ አንድ ቃል ሳልናገር ገባው። እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ዘረጋልኝ። ጠባሳው ቀጭን ነው። ንኪው አለኝ። ነካሁት። ከቆዳው ሥር ጠንካራ ነገር አለ። ይቀዘቅዛል ብዬ ነበር። እንደ ሰው ይሞቃል።

ለምን አልመጣህም አልኩ። የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች በዓመት በዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ሲመዘግቡ ይህን ብረት ያስነካቸዋል። ይነኩታል፣ ጠመንጃ የማይይዝ እጅ ነው ይሉና ይተዉታል። ታላቅ ወንድሙ ብረት አልነበረውም። ከሄደ አንድ ደብዳቤ አልመጣም። ሁለቱ የሆስፒታል ደብዳቤዎች በቡና ነጋዴ እጅ ደርሰውታል። ሁለቱንም አቃጥሏቸዋል። የተዋስኩትን ያልመለስኩ ሰው ነኝ አለኝ፣ ስሰግድ እጄን አይቼ እፈራለሁ። የሚፈልገው ሰው አንድ ቀን ይመጣል ብዬ አውቅ ነበር አለ።

ሚስቱ ሰዓዳ ውሃ ሰጠችኝ። ነፍሰ ጡር ናት። ቤቱን ማን አሳየሽ አለችኝ። ጽ/ቤቱ አልኳት። ደብዳቤውንስ አይተውታል? ሊ/መንበሩ አንብቦታል አልኩ፣ አሁንም በኩራት።

ሰዓዳ የተሰጣው ቡና ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «ማሎ… ማል ጎቴ፣ ያ ኢንተላ?» ምን አደረግሽ ነው የምትለኝ። ምን አደረግሽ፣ አንቺ ልጅ።

ያኔ ነው የገባኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ድኗል የሚል ወረቀት፣ ከነማኅተሙ፣ ዳገት ለዳገት ተሸክሜ ለውትድርና ለሚመለምለው ለሊ/መንበሩ እጅ በእጅ ሰጠሁት። ሻዩንም ጠጣሁለት።

እሱ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ወንዙ ሸኘኝ። ከዚያ ወዲያ አብረን ባንታይ ይሻላል አለ።

ከዛሬ ጀምሮ ስሙን አልጽፍም። እሱ ነው የምለው። ከላይ ያለውን በቀለም ደለዝኩት። አሁንም ይነበባል።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ሲስተር አልማዝ እየሮጠች መጣች። እልል በሉ! ብረቱ ተገኘ። ከሰኮሩ ተደውሏል። ሊ/መንበሩ ሰውየውን ራሱ በጥበቃ ይዞት ይመጣል፣ ማክሰኞ ኅዳር 24። ዶክተሩ ቀጠሮ ይዟል። ጠዋት የእሱ ይወጣል፣ ይቀቀላል፣ ከሰዓት በኋላ እኔ እገባለሁ። ሁለት ቀን እንኳ ይተርፋል። ሊ/መንበሩ አንድ ነገር ብቻ ጠይቋል፦ ብረቱ ሲወጣ ሰውየው ለአገልግሎት ብቁ ነው የሚል ወረቀት።

እናቴ እውነትም እልል አለች። አቀፈችኝ። እኔ ጓሮ ወጥቼ አስመለሰኝ። ኦፕራሲዮኑን ፈርታ ነው አሉ።

ኦፕራሲዮኑንም ፈርቻለሁ። በማደንዘዣ ተኝተው ያልነቁ ሰዎች አሉ ይባላል። ግን ያስመለሰኝ ይህ አይደለም።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

አንቺን መዋሸት ምን ይጠቅመኛል? ብረቱን እፈልገዋለሁ።

ዛሬ መ/ቤት ብቅ አልኩ። ልጅቷ በወንበሬ ተቀምጣ ትመታለች። ከደረጃው ጀምሮ ይሰማኛል። ጣቷ ፈጣን ነው፣ እኔን አታክልም እንጂ። የእኔ ትራስ ላይ ነው የተቀመጠችው። ስታየኝ ብድግ አለች። ተቀመጪ አልኳት። አለቃዬ ወደ ጎን ወሰዱኝ። እጄ ከተመለሰ ቦታዬ የእኔ ነው። ካልተመለሰ የሚያደርጉት የለም። መ/ቤቱ የቡና ፍሬ የሚያስመርጥበት ክፍል ቢያስገቡኝ እሱም ሁለት እጅ ይፈልጋል። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም አሉኝ፣ አዝነው።

አባቴ የለም። ወንድም የለኝም። እናቴ የምትበላው በእነዚህ ጣቶች ነው።

ደግሞስ ደብዳቤውን እኔ ባልወስደው ሌላ ሰው አይወስደውም ነበር? አንድ ቀን አይዙትም ነበር? የሰው ሁሉ ልጅ እየሄደ እሱ ለምን ይቀራል? እንዲህ እያልኩ ከሰቶ እስከ ገበያ ደረስኩ። ገበያው መሐል ቆምኩ። ምን ልገዛ እንደመጣሁ ጠፋኝ። ለካ ምንም ልገዛ አልነበረም።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ሌሊቱን የእሱ እጅ ከሐሳቤ አልወጣልኝም። ያ ሙቀቱ።

እናቴ ለማክሰኞ አዲስ አንሶላ እያጠበች ነው። ጠየቅኳት። ሸኹ በፈቃዱ ብለው የለ? ባለቤቱ ካልፈቀደስ? እጇ ሳሙናው ላይ ቀጥ አለ። ከዚያ ሳታየኝ መለሰች። «እኔን አትጠይቂኝ። እናትሽ ነኝ። እኔ እጅሽን ነው የምፈልገው።»

አንሶላውን ማሸት ቀጠለች። ያ ንጹሕ አንሶላ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታሽ አየሁ።

ሚስቱም ዛሬ ምን እያጠበች ይሆን?

ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እኔ ብፈራም ባልፈራም አንዲቷን እናት አስለቅሳለሁ።

ኅዳር 23፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ዶክተሩ ዘንድ ገባሁ። ሲስተር አልማዝን አስተርጉሚልኝ አልኳት። የመጀመሪያ ጥያቄ፦ ብረቱ ካልወጣ ሰውየውን ይጎዳዋል? አይጎዳውም። ዕድሜውን ሙሉ ሊኖርበት ይችላል። በአገሩ ብዙ ጊዜ እንደገባ ይቀራል። እዚህ የሚያወጡት ስለሌለ ነው። ሁለተኛ ጥያቄ፦ እንዳይወጣ ብሎ መጻፍ ይቻላል?

ሲስተር አልማዝ አላስተረጎመችም። ምን ነካሽ አለችኝ። ነገርኳት። ሰዓዳን፣ ወንድሙን፣ ሻዩን። ፊቷ አመድ መሰለ። ተነሥታ በሩን ዘጋች። ከዚያ አስተረጎመች፣ በሹክሹክታ።

ዶክተሩ ጢሙን ያዘ። እሱም ፈራ፣ ደብተሬ። የሰው አገር ሰው ነው፣ ነገ ተነሥተህ ሂድ ቢሉት ይሄዳል። የሰውየውን ፊልም አወጣና ብዙ አየው። ከብረቱ አጠገብ ጅማት አለ አለ። ሲወጣ ሊነካ ይችላል። ሁልጊዜ ያለ አደጋ ነው፣ ትንሽ ናት፣ ግን ውሸት አይደለችም። በዚያች ላይ መፈረም እችላለሁ አለ። ከዚያ የእኔን ፊልም ከጎኑ ሰቀለው። ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን አየናቸው። አንቺስ ብሎ ጠየቀኝ። ጄሶ አስርልሻለሁ፣ የቻልኩትን አቃናለሁ። እንደተጣመመ ይገጥማል። ዝናብ ሲመጣ ያምሻል።

ጅማ እኮ ነው፣ ዶክተር፣ ዝናብ የማይመጣው መቼ ነው አልኩት። ሲስተር አልማዝ ይህንንም አስተረጎመችው። ማንም አልሳቀም።

እርግጠኛ ነሽ አለኝ። አይደለሁም አልኩት።

ወረቀቱ በታይፕ መሆን አለበት። በእጅ የተጻፈ ገጠር ውስጥ አይታመንም። የሆስፒታሉ ታይፒስት ደግሞ ቡና እየለቀመች ነው። ሲስተር አልማዝ ቁልፎቹን አታውቃቸውም። ሁለቱም እኔን አዩኝ።

ተቀመጥኩ። በግራ እጄ፣ በአንድ ጣት። አንድ ፊደል፣ ፍለጋ፣ አንድ ፊደል። ወረቀቱን በታሰረው ክንዴ ተጭኜ። ሁለቴ አበላሽቼ ቀደድኩ። ቅዳጁን ደረቴ ውስጥ ደበቅኩት። «ብረቱ ቢወጣ ጅማቱን ሊጎዳ ስለሚችል በቋሚነት በእጁ እንዲቆይ፣ ግለሰቡም ለከባድ አገልግሎት ብቁ እንዳልሆነ» እያልኩ። «በቋሚነት» የምትለዋ ቃል ላይ ጣቴ ቆመ። ይህችን ቃል ከመታሁ የእኔ እጅም በቋሚነት ነው። በመስኮቱ ሰው አለፈ። ደነገጥኩ። የአትክልቱ ሠራተኛ ነው።

መታኋት።

አሥር መስመር፣ ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ፈጀብኝ። ድሮ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የምጨርሳት ነበረች። ዶክተሩ ፈረመ። ሲስተር አልማዝ ከሌሎች ወረቀቶች መሐል ከትታ ማኅተም አስመታችው። ማንም አላነበበውም።

እናቴ አንሶላውን ተኩሳ ጠበቀችኝ። ምንም አልነገርኳትም።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

አሁን ቤት ነኝ። ጠዋት ጄሶ ታሰረልኝ። ሲጎትቱት የጮኽኩት ጩኸት ሰቶ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ከዚያ ሲስተር አልማዝ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፣ እስኪደርቅ።

መጡ። ሊ/መንበሩ ከፊት፣ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ከኋላ፣ እሱ መሐል። አልታሰረም። የታሰረ ሰው አረማመድ ግን አለው። ከጎኔ አስቀመጡት። ሊ/መንበሩ ወደ ዶክተሩ ገባ። ጥበቃው በሩ ላይ ቆመ።

እሱ ወደ እኔ አልዞረም። ፊት ለፊት ግድግዳውን እያየ እጅጌውን ቀስ አድርጎ ሰበሰበ። እጁን ጉልበቴ አጠገብ አኖረው። «ፉዸዹ» አለኝ። ውሰጂው። ከነገርኩሽ ቀን ጀምሮ አስቤበታለሁ፣ የሚወስዱኝ ካልቀረ አንቺን ይጥቀምሽ፣ ሐላል ይሁንልሽ አለኝ፣ በኦሮምኛ፣ ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ።

በፈቃዱ። ሸኹ ያሉት እኮ ይህንን ነው። እንባዬ መጣ። ጥበቃው እያየ ምን ልበለው? ራሴን ነቀነቅኩ፣ አይሆንም ብዬ። አልገባውም።

በሩ ተከፈተ። ሊ/መንበሩ ወረቀቱን ይዟል። እንደ ልማዱ ኮሪደሩ መሐል ቆሞ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ሲስተር አልማዝ ከኋላው። «በቋሚነት» ላይ ሲደርስ ቆመ። ደግሞ አነበባት። ፊቱ ጨዋታ የለበትም። ይህን ማን ነው የመታው አለ። ፊደሉ ተወላግዷል፣ መሥመሩ ሰክሯል። ይሄ የመንግሥት ሆስፒታል ወረቀት ነው? ማን ነው የመታው?

ሲስተር አልማዝ ወደ በሩ አፈገፈገች።

እኔ አልኩ። እንዴት እንዳልኩት አላውቅም። ብድግ ብያለሁ። ታይፒስቷ ዘመቻ ላይ ስለሆነች፣ እኔም በሙያዬ ታይፒስት ስለሆንኩ፣ ዶክተሩ ያሉኝን እኔ ነኝ የመታሁት፣ በግራ እጄ ስለሆነ ነው ይቅርታ አልኩ።

አወቀኝ። ጄሶዬን አየ። ወረቀቱን አየ። እንደገና ጄሶዬን። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ብረቱን ፈላጊዋ? እንግዲህ ምን ልታደርጊ ነው?» እንደምታየው አልኩት። ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ፈተገው። ከዚያ ወደ ጥበቃው ዞረ። ብረቱን የምትፈልገዋ ራሷ አይወጣም ብላ ከጻፈችው ምን ቀረ አለው፣ ወላሂ እውነት ነው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። እኔን አላህ ይማርሽ አለኝ። ከልቡ ነው ያለኝ።

እሱ ያኔ ገባው። ሲነሣ እጅጌውን አልመለሰውም። ምንም አላለኝም፣ ማለትም አይችልም። ብረት ያለበትን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አለፈ። በመስኮቱ አየኋቸው። ወደ አውቶቡሱ ሲሄዱ ጥበቃው ከኋላ መሆኑን ትቶ ከጎኑ ነበር፣ ሲጋራ እየጠየቀው።

ፍርሃቴ አልወጣም። ሊ/መንበሩ አንድ ቀን ተመልሶ ያስብ ይሆናል። በሌላ ዙር ሌላ ሊ/መንበር ይመጣ ይሆናል። እስከዚያ ግን ሰዓዳ ትወልዳለች።

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም፣ አልመረቀችኝም። አጠገቤ ተቀምጣ ጄሶውን ዳሰሰችው። እንደ ሰው ይሞቃል አለች። ሲደርቅ ነው እማ፣ ይቀዘቅዛል አልኳት። እጇን ግን አላነሣችም።

ነገ መ/ቤት እገባለሁ። ወንበሬን እጠይቃለሁ። አንድ ገጽ ስጡኝ እላለሁ፣ በግራ እጄ። ስሕተቱን ይቁጠሩ። እየፈራሁ ነው። እሄዳለሁ።